ጅማ ስንገባ ሰፈር የመረጥንበት መንገድ

የሥራ ደብዳቤው ሲመጣ ቤቱ በደስታ ተሞላ። ደመወዙ ደህና ነው፣ ሥራውም የምወደው ነው። ቦታው ከጅማ ወጣ ብሎ በአጋሮ መንገድ፣ የቡና ምርምር ማዕከሉ ካለበት ከመልኮ ብዙም ሳይርቅ ነው። ደስታው ረገብ ሲል ግን ከሥራው የከበደ ጥያቄ መጣ። የት ነው የምንኖረው?

አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን ሰዎች ነን። ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ጓዙ ደግሞ ቀላል አይደለም። ሁለት ልጆች አሉን፣ አንዱ 5ኛ ክፍል የሚገባ፣ አንዷ ገና አፀደ ሕፃናት ያለች። ባለቤቴ የሂሳብ ሥራውን ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው ነው። ጉልበቷን የሚያማት እናቴም ከእኛ ጋር ናት።

የሚያውቁን ሁሉ የመከሩን አንድ ነገር ነበር። «ከሥራሽ አጠገብ ተከራዪ።» ከቅን ልብ የመጣ ምክር ነው። በአዲስ አበባ ትራንስፖርት የተማረረ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል? እኔና ባለቤቴ ግን አንድ ምሽት ቁጭ ብለን የእያንዳንዳችንን ቀን ስናስበው ነገሩ ተገለበጠ። እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ እገባለሁ። ልጆቹ በቀን ሁለቴ በዚያ መንገድ ይመላለሳሉ። እማዬ ቀኑን ሙሉ እዚያው ሰፈር ውስጥ ናት። ባለቤቴም እንደዚሁ። አዲሱ ሰፈር ውስጥ ከሁሉም ያነሰ ሰዓት የማሳልፈው እኔ ነኝ። ታዲያ ቤቱ ለምን በእኔ መሥሪያ ቤት ይለካል? ከልጆቹ ትምህርት ቤትና ከእማዬ እግር ተነስተን እንፈልግ ተባባልን። እስከ ዛሬም ይህን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እላለሁ፤ በሰፈሩ ውስጥ ረጅም ሰዓት ለሚውለው ሰው ቤት ፈልጉ።

ሐምሌ ላይ እኔ ቀድሜ ሄድኩ። ፔንሲዮን ይዤ ከሥራ መልስና ቅዳሜና እሁድ መዞር ጀመርኩ።

መጀመሪያ የፈለግኩት ቤት አልነበረም፣ ትምህርት ቤት ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ኦሮሚያ ከተሞች ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያጣራው የማስተማሪያ ቋንቋውን ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች በአማርኛ የሚያስተምሩም አሉ። የግል ትምህርት ቤቶችም አሉ፣ አሠራራቸው ግን ይለያያል። ስለዚህ «ቦታ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። በምን ቋንቋ ነው የሚያስተምሩት? አፋን ኦሮሞን እንደ አንድ ትምህርት የሚሰጡት ከስንተኛ ክፍል ነው? ከሌላ ክልል ለመጣ ልጅ ማካካሻ አለ? እኔ ርዕሰ መምህሩን ብቻ አልጠየቅኩም። አስፈቅጄ የ5ኛ ክፍል ልጆችን ደብተር አየሁ። መምህሩ ቀይ እስክሪብቶ የነካው ገጽ ስንት እንደሆነ፣ የቤት ሥራው መታረም አለመታረሙን ከደብተር ማወቅ ይቻላል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የምስክር ወረቀት ይህን አይነግራችሁም።

ሌላው ጊዜው ነው። ልጁ የ6ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚወስድበት ዓመት ቢሆን ኖሮ እኔ ብቻዬን ሄጄ እነሱ ዓመቱን ጨርሰው ይመጡ ነበር። በፈተና ዓመት ልጅን ከቋንቋ ቋንቋ፣ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ማዘዋወር ከባድ ነው። ለእኛ 5ኛ ክፍል መሆኑ ጥሩ አጋጣሚ ሆነ።

ትምህርት ቤቱ ከተያዘ በኋላ ቤት ፍለጋው በጣም ቀለለ። ከትምህርት ቤቱ በር ተነስቼ ልጅ በእግሩ ሊደርስባቸው የሚችሉትን ሰፈሮች ብቻ አየሁ። ደላላው ደስ አላለውም። ቂጦ በኩል፣ ቴክኖሎጂ ካምፓሱ አካባቢ አዲስ ቤት አለ ይለኛል። ለሥራዬ የሚቀርበው ያ ነበር። ጅሬን በኩልም አሳየኝ። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣው ዳገት ላይ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ከተማው ከሥር ተዘርግቶ ይታያል። ዓይኔ እዚያ ቀርቶ ነበር፣ አልዋሽም። ነገር ግን ያንን ዳገት እማዬ በየቀኑ አትወጣውም። መርካቶ፣ ሂርማታ በኩል ሁሉም ነገር እጅ ላይ ነው፣ ግን ሐሙስ ገበያው ሲቆም መንገዱ ለትንሽ ልጅ አይሆንም።

አሁን ወደ ዝናቡ ልምጣ። ጅማን የማያውቅ ሰው ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ይህን ነው። እዚህ ክረምት እስከ ሰኔ አይጠብቅም። ከመጋቢት ጀምሮ ዝናብ አለ፣ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይጥላል። ይህ ማለት ከዓመቱ ግማሽ በላይ የምትኖሩት ከጭቃና ከርጥበት ጋር ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ቤት አይቶ የተከራየ ሰው ያየው ሌላ ሰፈር ነው። ስለዚህ እኔ ሆን ብዬ ዝናብ ሲጥል እወጣ ነበር። ጃንጥላ ይዤ፣ ቦት ጫማ አድርጌ። ውኃው በየት ይወርዳል? ቦዩ የተደፈነ ነው ወይስ ይሠራል? ኮብልስቶኑ የት ላይ ያልቃል? ከአስፋልቱ እስከ ግቢው በር ያለችው ትንሿ የአፈር መንገድ ናት ልጅን ጠዋት ጠዋት የምታስለቅሰው።

ቤት ውስጥ ስገባ ደግሞ ግድግዳ እዳስስ ነበር። ቁም ሣጥን የተጠጋበትን ግድግዳ እስኪ ገለጥ አድርጉልኝ እላለሁ። አንድ ቤት ውስጥ ቀለሙ ከላይ አሮጌ፣ ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ግን አዲስ ነበር። ጎንበስ ብዬ በእጄ ስነካው ቀዘቀዘኝ፣ መዳፌ ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ። ከሥር ውኃ እየሳበ ነው ማለት ነው። ልጄ ብርድ ሲሆን ደረቱን ያፍነዋል። ቤቱ ሰፊ ነበር፣ ኪራዩም ርካሽ፤ አመስግኜ ወጣሁ።

ባጃጅ ነጂዎች ደግሞ የልብ የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። አንድ ሰፈር ደስ ሲለኝ ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ዋናው መንገድ ላይ ቆሜ «እዚህ ሰፈር ትወስደኛለህ?» እላለሁ። በታፔላ ዋጋ የሚሄድ ከሆነ መንገዱ ደህና ነው። ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም ካለ ምክንያት አለው። አንዱ ልጅ «እህቴ፣ አስፋልቱ ላይ ላድርስሽ እንጂ ወደ ውስጥ አልገባም፣ ጎማው ይሰጥማል» አለኝ። ደላላው ያልነገረኝን እሱ ነገረኝ። ታዲያ ኪራይን ብቻ አታስሉ። ኪራዩን፣ የወር ባጃጅና ታክሲውን፣ ውኃ የሚገዛ ከሆነ እሱንም አንድ ላይ ደምሩ። ርካሽ የመሰለን ቤት እንዲህ ስንደምረው ከውዱ በልጦ አገኘነው።

ስለ ወባም ልናገር። ጅማ ከፍታዋ 1,700 ሜትርን የሚያልፍ ቢሆንም ከአዲስ አበባ በጣም ዝቅ ያለች ናት። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ የወባ ስጋት አለበት ተብሎ ነው የሚያዘው። ከተማዋን የሚያቋርጠው የአዌቱ ወንዝ አለ፣ ወጣ ሲሉ የቦዬ ረግረግ አለ። ከረግረግና ከቆመ ውኃ ራቅ ያለ ቤት መረጥን፣ የትም ቢሆን ግን አልጋ ሳይገባ አጎበር ገዛን። ልጅ ሲያተኩሰው ደግሞ «ብርድ ነው» ብሎ መተው እዚህ አይሠራም፣ በዚያው ቀን ማስመርመር ነው። ከጤና ጣቢያና ከሆስፒታል ያለውን ርቀት ያየሁትም ለዚህ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከተማው ውስጥ መኖሩ ለእማዬም ለልጆቹም ትልቅ ነገር ነው።

በመጨረሻ ያገኘነው ቤት ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ያለ ነው። ዛፍ የበዛበት ሰፈር ነው። ቤቱ ካየናቸው ትንሹ ነው፣ ኪራዩ ደግሞ ከፍ ይላል። ባለቤቴ መጥቶ ሲያየው መጀመሪያ የሄደው ጎረቤት ዘንድ ነበር። በራችን ድረስ የኢንተርኔት መስመር መግባት አለመግባቱን የሚያውቀው ጎረቤት ነው ብሎ። እውነቱን ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቢሮም ሄዶ በዚያ አካባቢ ክፍት መስመር መኖሩን ውል ከመፈረሙ በፊት አረጋገጠ። ከቤት የሚሠራ ሰው ያለበት ቤተሰብ ይህን ለነገ አይተወው።

አከራያችን በዕድሜ የገፉ ሐጂ ናቸው፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። እማዬ ቤቱን ዞራ አየችና የጠየቀቻቸው ስለ ምጣድ ብቻ ነበር።

«ሐጂ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጠቀማለን፣ ይፈቀዳል?»

«ቆጣሪው የጋራ ነው እኮ እህቴ። ቀን ላይ ሁሉም ሲለኩስ አይችልም። ማለዳ ከሆነ ግን ምን ችግር አለ።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ከኋላ ማድቤት አለ። እንጨቱ ይጨስ እንጂ እሳት አይከለከልም።»

በዚህ ተስማሙ። እኔ የክፍሎቹን ስፋት ስለካ እሷ የቤቱን ዋና ነገር ጨርሳ ነበር። የጋራ ቆጣሪ ያለበት ቤት ስትከራዩ ሂሳቡ በሰው ቁጥር ነው ወይስ በቤት የሚካፈለው፣ ውኃ በፈረቃ ሲሆን ሮቶው ለማን ነው፣ ልብስ የሚታጠበው የት ነው፣ እነዚህን መጀመሪያ መነጋገር ከጎረቤት ጋር ያለውን ፍቅር ያቆያል።

ውሉን በጽሑፍ አደረግነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ አከራይም ከ2 ወር በላይ ቅድመ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይላል። በክልል ከተሞች የትኛው ላይ እንደሚተገበር የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁ። እግረ መንገዳችሁን ደግሞ ቤቱ የኮሪደር ልማት የሚነካው መሆን አለመሆኑን አጣሩ። አስፋልት ዳር ያለ ቤት ቆንጆ ቢሆንም ልጆች ትምህርት ቤት ካስገባችሁ በኋላ «ይነሳል» ቢባል የምትገቡበት ይጠፋችኋል። ከአዲስ አበባ ስትወጡ የወረዳውን መሸኛና የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ ኦርጅናሉን ይዛችሁ ውጡ። ለአንድ ማኅተም 350 ኪሎ ሜትር መመለስ አያስፈልግም።

ዕቃን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። አልጋና ፍሪጅ ጭነን ሌላውን አዲስ አበባ ሸጥነው። ጅማ በእንጨት ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ማን የማያውቀው አለ? ጠረጴዛውንም መደርደሪያውንም በክፍሉ ልክ እዚሁ አሠራን። የመኪና ኪራዩም ቀነሰልን።

የመረጥነው ምርጫ ዋጋ አስከፍሎናል፣ ይህንን መደበቅ አልፈልግም። እኔ በየቀኑ ከተማውን አቋርጬ በአጋሮ መንገድ እሄዳለሁ። ጠዋት ልጆቹ ሳይነሱ የምወጣባቸው ቀናት አሉ። ሁለቱ ልጆች አንድ ክፍል ይጋራሉ። ቂጦ በኩል ብንሆን ኖሮ ሁለት ክፍል ይኖራቸው ነበር፣ እኔም አንድ ሰዓት ያህል አተርፍ ነበር። ግን ልጆቹ በእግራቸው ይመለሳሉ። እማዬ ምርኩዟን ይዛ ሱቅ ትሄዳለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ቡና ተጠርታ ትጠጣለች። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሳለች ከደረጃው የተነሳ ከሳምንት ሳምንት አትወርድም ነበር።

ልጁ አፋን ኦሮሞን ከክፍሉ ይልቅ ከግቢው ልጆች ቶሎ ለምዷል። የሐጂ የልጅ ልጅ ከእሱ ጋር እኩያ ነው፣ አንድ ላይ ሄደው አንድ ላይ ይመለሳሉ። ቁቤ ማንበቡ ግን ጊዜ ወስዷል፣ አሁንም ማታ ማታ ያጠናል። ቀድመን ብናውቅ ኖሮ አዲስ አበባ እያለን ክረምቱን ሳንጠብቅ እናስጀምረው ነበር። መምጣታችሁ ከተቆረጠ እናንተ ዛሬውኑ አስጀምሩ። ትንሿ ግን ምንም አላስቸገረችንም፣ ሁለቱንም ቋንቋ እያቀላቀለች ታወራለች።

ውሉ ሲያልቅ እዚሁ እንደምናድስ ከሐጂ ጋር ተነጋግረናል። ባለቤቴ ለልጆቹ ክፍል ከቦርድ መለያ አሠርቶ ለሁለት ሊከፍለው አስቧል፣ አናጺውም መጥቶ ለክቶ ሄዷል።