ዘፈኔን ለየትኛው ላይብረሪ እንደምሰጥ መምረጥ የተማርኩበት መንገድ

ለፊልም፣ ለማስታወቂያና ለቪዲዮ ሥራ የሙዚቃ ፈቃድ ከሚሸጡ የኦንላይን ላይብረሪዎች ጋር መሥራት ስጀምር የምመዝናቸው በሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ከሽያጩ ስንት ፐርሰንት ይሰጡኛል፣ ስማቸውስ ምን ያህል ይታወቃል? የሁለቱም መልስ በድረ ገጻቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስለሚገኝ ምርጫው ቀላል ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው፣ ዘፈኑን ማስመለስ ብፈልግ መቼና እንዴት አገኘዋለሁ የሚለውን ነው። ወደዚህ ጥያቄ ያደረሰኝ አንድ ዘፈን ከእጄ መውጣቱ ስለሆነ ከዚያው እጀምራለሁ።

ያ ዘፈን በጣም የምወደው ሥራዬ ነበር። የላይብረሪው ውል አራት ገጽ ብቻ ሲሆን፣ ከፈቃድ ሽያጭ የሚገኘው ገቢ እኩል ለእኩል እንደሚካፈል የሚገልጸውን አንቀጽ ደጋግሜ አንብቤ ተደሰትኩ። «በብቸኝነት፣ ለቅጂ መብቱ ሙሉ ዘመን» የሚለውን ሐረግ ግን ልብ ሳልለው ፈረምኩ። የቅጂ መብት ዓለም አቀፍ ውል በሆነው በበርን ስምምነት መሠረት የድርሰት ጥበቃ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ቢያንስ 50 ዓመት የሚቆይ ሲሆን፣ በብዙ አገሮች ይህ ጊዜ ወደ 70 ዓመት ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ የፈረምኩት ከዕድሜዬ የሚረዝም ውል ነበር። ዓመታት አለፉ፣ ላይብረሪው ዘፈኑን አንድ ጊዜ እንኳ አልሸጠውም። ከዚያ አንድ ፊልም ሠሪ ያንኑ ዘፈን ፈልጎ በቀጥታ ጠየቀኝ፤ ፈቃዱን የመስጠት ሥልጣን ስላልነበረኝ ወደ ላይብረሪው ላክሁት፣ እነሱ የዋጋ መልስ እስኪሰጡ ድረስ ግን የፊልሙ አርትዖት አልቆ ቦታው በሌላ ሙዚቃ ተሞላ። በወቅቱ የተሰማኝ ሐዘን ከገንዘቡ ይልቅ ዘፈኑ ሊሰማበት የሚገባው ትዕይንት ስላመለጠው ነበር።

በአሜሪካ ሕግ ደራሲው ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ያስተላለፈውን መብት ከ35 ዓመት በኋላ በጽሑፍ ማስታወቂያ ማስመለስ የሚችልበት አንቀጽ እንዳለ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው በሕጉ መሠረት «በቅጥር የተሠራ»፣ ማለትም ከመጀመሪያው የአሠሪው ንብረት ተደርጎ የሚቆጠር ከሆነ በዚህ አንቀጽ አይጠቀምም። ይህ አገላለጽ በአንዳንድ የላይብረሪ ውሎች ውስጥ በአንድ መስመር ብቻ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ አሁን ማንኛውንም ውል ስከፍት አስቀድሜ የምፈልገው እሱን ነው።

ሌላውን ትምህርት ያገኘሁት ከጓደኛዬ ጋር ከደረስነው ዘፈን ነው። አንድ ዘፈን ለፊልም ሲሸጥ ሁለት መብቶች አብረው ይሸጣሉ፤ አንደኛው የግጥምና የዜማው መብት ነው፣ ሁለተኛው ማስተር የምንለው የቀረጻው መብት ነው። ሙዚቃ መራጮች ወደ ላይብረሪ የሚሄዱት ሁለቱንም ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ፊርማ ለመጨረስ ስለሆነ፣ ከባለመብቶቹ አንዱ እንኳ ያልፈረመበት ዘፈን ምንም ያህል ቢያምር ይመለሳል። የእኛም ተመለሰ። ማን ስንት ድርሻ እንዳለው በጽሑፍ አላሰፈርንም ነበር፤ ጊታር የተጫወተልንና ያዜመችልን ባለሙያም በቀረጻው ላይ ምን መብት እንዳላቸው በቃል እንኳ አልተነጋገርንም። ከዚያ ወዲህ ስቱዲዮ ከመውጣታችን በፊት የድርሻ ስምምነቱን እንፈራረማለን፤ ዘፈን ከተወደደ በኋላ ስለ ድርሻ መነጋገር ወዳጅነትን እንደሚፈትን በሌሎች ላይ አይቻለሁ።

ከዚያ ገንዘቡ በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ ማጥናት ጀመርኩ፤ ብዙ ጊዜዬን የወሰደውም ይህ ነው፣ ምክንያቱም ፐርሰንቱ ትርጉም የሚኖረው ከየትኛው ገንዘብ ላይ እንደሚሰላ ሲታወቅ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ገዢው ለፈቃዱ የሚከፍለው ክፍያ ነው። ሁለተኛው ፕሮግራሙ በቴሌቪዥን በታየ ቁጥር ጣቢያዎች ለጋራ አስተዳደር ማኅበራት የሚከፍሉት የሕዝብ ክዋኔ ሮያሊቲ ነው፤ በፈረንሳይ ሳሴም እ.ኤ.አ. ከ1851፣ በአሜሪካ አስካፕ እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ ይህን ይሰበስባሉ። ማኅበሩ ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ኪው ሺት በሚባለው ሰነድ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ሰነዱ በፕሮግራሙ ውስጥ የተሰማውን እያንዳንዱን ሙዚቃ፣ ደራሲውን፣ የድርሰቱን መብት የሚያስተዳድረውን አሳታሚና የተሰማበትን ርዝመት ይዘረዝራል። ኪው ሺት ካልቀረበ ወይም ስሜ በስሕተት ከተጻፈ፣ ዘፈኔ በብዙ ጣቢያዎች ቢሰማም ድርሻዬ እኔ ዘንድ የሚደርስበት መንገድ የለም። ስለዚህ ላይብረሪዎችን ኪው ሺቱን ማን እንደሚያቀርብና ቅጂው ለደራሲው ይላክ እንደሆነ በደብዳቤ እጠይቃለሁ። በግልጽ የመለሱልኝ ጥቂቶች ናቸው፤ ለሥራዬ የመረጥኳቸውም እነሱን ነው።

ሮያሊቲው የደራሲ ድርሻና የአሳታሚ ድርሻ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ላይብረሪው የአሳታሚውን ድርሻ መውሰዱ የተለመደ ስለሆነ አልቃወመውም። የደራሲውን ድርሻ ጨምሮ የሚጠይቅ ውል ግን፣ የተቀረው አንቀጽ ምንም ያህል ቢያምር፣ ወዲያውኑ እመልሰዋለሁ። ከዚህ ጋር አብሮ ሊታወቅ የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 አልደን ሮሼል የተባለው ወገን አስካፕን ከስሶ በተሰጠው የፍርድ ቤት ውሳኔ ምክንያት፣ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ለሚያሳዩት ፊልም ሙዚቃ የክዋኔ ሮያሊቲ አይከፍሉም። በዚያ አገር ሲኒማ ለሚታይ ፊልም ዘፈን ሲጠየቅ «ወደፊት ሮያሊቲ ይመጣል» በሚል ተስፋ የፈቃዱን ዋጋ ዝቅ ማድረግ ተገቢ እንዳልሆነ የተማርኩት ከዚህ ነው።

የላይብረሪዎቹ አሠራር እርስ በርሱ እጅግ ይለያያል። እንደ ለንደኑ ዴ ዎልፍ ያሉት፣ ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1909 የጀመሩ ነባር ቤቶች፣ ሥርዓታቸው በአሳታሚነትና በሮያሊቲ ላይ የተመሠረተ ነው። እንደ ኦዲዮጃንግልና ፖንድፋይቭ ያሉት ገበያዎች እያንዳንዱን ሙዚቃ በነጠላ በመሸጥ ይታወቃሉ። እንደ ኤፒደሚክ ሳውንድ ያሉት ደግሞ ደንበኛው የደንበኝነት ክፍያ ከፍሎ ከስብስቡ የፈለገውን እንዲጠቀም ያደርጋሉ፤ ይህ ኩባንያ ለሙዚቃው በቅድሚያ ከፍሎ መብቱን ጠቅልሎ በመግዛት ይሠራል። ከእነዚህ አንዱን በጥቅሉ መጥፎ ማለት አልችልም። በአንድ ቀን ተሠርቶ ያለቀን መሣሪያ ብቻ የሆነ ሙዚቃ ጠቅልሎ መሸጥ ለአንዳንድ አቀናባሪ የተመቸ ኑሮ ነው፤ ግጥሙ የሕይወቴ ክፍል የሆነን ዘፈን ግን በዚያ መንገድ አልሰጥም።

ብቸኛ ያልሆነ ውል ከመጀመሪያው ጥፋቴ የሚያድነኝ መስሎኝ አንዱን ቀረጻ ለሁለት ላይብረሪ የሰጠሁበት ጊዜም ነበር። አንደኛው ላይብረሪ የዘፈኑን ርዕስ ለውጦ በራሱ ስም አስመዘገበው፤ ቀረጻውንም ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2007 ባስጀመረው፣ በቪዲዮዎች ውስጥ የተመዘገበ ድምፅን በሚለየው ኮንቴንት አይዲ ውስጥ አስገባው። ይህ ሥርዓት የሚያውቀው ድምፁን እንጂ ርዕሱን ወይም ውሉን ስላልሆነ፣ ከሁለተኛው ላይብረሪ በሕጋዊ መንገድ የገዛ ደንበኛ ቪዲዮው ላይ የባለመብትነት ጥያቄ ደረሰበት። ደንበኛው ተቆጣ፤ እውነትም ነበረው። ላይብረሪውም ገንዘቡን መልሶለት ዘፈኔን ከስብስቡ አወጣው። አሁን ብቸኛ ያልሆነ ውል ስፈርም ርዕስ እንዳይለወጥና በኮንቴንት አይዲ እንዳይመዘገብ በጽሑፍ አስገባለሁ፤ አንድ ቀረጻም በአንድ ጊዜ ከአንድ ላይብረሪ በላይ አይገባም።

ውሉን ካነበብኩ በኋላ እንደ ገዢ ሆኜ ላይብረሪውን እጎበኛለሁ። ስለ መለያየት የሚያወሳ፣ በሴት ድምፅ የተዘፈነ፣ በዝግታ የሚሄድ ዘፈን እንደሚፈልግ ሰው ፍለጋውን አካሂጄ የሚመጣልኝን አዳምጣለሁ። በመጀመሪያው ገጽ የሚታዩት የተቀረጹበት ጥራት ከእኔ ሥራ ጋር ይቀራረባል? ግጥም ያላቸው ዘፈኖች አሉ ወይስ ከበስተጀርባ የሚሰማ ሙዚቃ ብቻ? አሥር ተመሳሳይ ዘፈን ካገኘሁ የእኔ አሥራ አንደኛ መሆኑ ለማንም አይጠቅምም። አንድም ካላገኘሁ ደግሞ ደንበኞቻቸው እንዲህ ያለ ዘፈን አይጠይቁ ይሆናልና ከመላኬ በፊት አዘጋጁን እጠይቃለሁ። ይህ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ የላይብረሪውን ጠባይ እንደዚህ አድርጎ ያሳየኝ ሌላ ነገር የለም።

የፋይሉን ዝግጅት በአጭሩ ልግለጽ። ለቪዲዮ የሚሆን ዋቭ ፋይል በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት አዘጋጃለሁ፤ ድምፃዊው የሌለበትን ቅጂ፣ የከበሮውን፣ የቤዙንና የሌሎቹን ስቴሞች (ተለይተው የወጡ የድምፅ ክፍሎች) ለየብቻ፣ እንዲሁም የ60፣ የ30 እና የ15 ሰከንድ አጫጭር ቅጂዎችን አብሬ አስቀምጣለሁ። የእያንዳንዱ ቀረጻ መለያ የሆነውን 12 ፊደልና ቁጥር ያለውን አይኤስአርሲ፣ የደራሲዎቹን ሙሉ ስምና ድርሻ በአንድ ሰንጠረዥ እይዛለሁ። ድምፃዊው የሌለበትን ቅጂ ከዘፈኑ ጋር በአንድ ቀን ማውጣት ቀላል ነው፤ ከዓመታት በኋላ ፕሮጀክቱን ለመክፈት ስሞክር ግን ከተጠቀምኩባቸው ፕለጊኖች (ተጨማሪ የድምፅ ፕሮግራሞች) ሁለቱ ከአዲሱ ኮምፒውተሬ ጋር ሳይሠሩ ቀርተው አንድ ዘፈን እንዲሁ ባክኖብኛል።

በቅርብ ጊዜ በሚመጡልኝ ውሎች ውስጥ ቀረጻዎቹን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማስተማሪያነት መጠቀም እንዲቻል የሚፈቅድ አንቀጽ ማየት ጀምሬያለሁ፤ አንዳንዴም «ለማንኛውም አሁን ላለ ወይም ወደፊት ለሚፈጠር አጠቃቀም» በሚል ሰፊ አነጋገር ውስጥ ተጠቅልሎ ይመጣል። ይህ ለየት ብሎ ተገልጾ፣ ለየት ያለ ክፍያ ተቆርጦለትና ፈቃዴ ተጠይቆ ካልሆነ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። መጠየቅ ነውር የሚመስላቸው የሙያ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ ግን በጨዋነት ጠይቄ የተቆጣኝ ላይብረሪ እስካሁን አላጋጠመኝም፣ እምቢ ያሉኝም ቢሆኑ ምክንያታቸውን አስረድተውኛል።

አሁን አብሬው የምሠራው ላይብረሪ በመጀመሪያ የላከልኝ ውል ብቸኛና ማብቂያ የሌለው ነበር። በሦስት ዓመት እንዲገደብ፣ ካላሳወቅሁ ለአንድ አንድ ዓመት እየታደሰ እንዲቀጥል፣ በዚያ ጊዜ የተሸጡት ፈቃዶች ደግሞ ውሉ ካበቃ በኋላም ለገዢዎቹ እንዲጸኑ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ይህ የመጨረሻው የገዢዎችን ዋስትና ስለሚጠብቅ ለመስማማት ያቀለለው ይመስለኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የተስተካከለው ውል መጣ። ውሉን ላለማደስ የሚሰጠው ማስታወቂያ ከማብቂያው 90 ቀን አስቀድሞ መድረስ ስላለበት ቀኑን ከዘፈኖቹ ስም ጋር በሰንጠረዡ የመጀመሪያ ዓምድ ላይ ጽፌዋለሁ። እስከዚያ ድረስ በዚህ ውል የሰጠኋቸው ሁለት ዘፈኖች እዚያው ናቸው፤ አንደኛው በአንድ ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ገብቷል፣ የኪው ሺቱም ቅጂ በእጄ ይገኛል።