ራቬና ከእማዬ ጋር

እማዬን ይዤ ጣሊያን ውስጥ ከቦሎኛ ወደ ራቬና ነዳሁ። ርቀቱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውቶስትራዳው ሜዳ ለሜዳ፣ ግራ ቀኙ እርሻ። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም። የሳን ቪታሌ ቤተ ክርስቲያን ግን ከልቤ አልወጣ ብሎኛል።

ከውጭ ሲያዩት ስምንት ማዕዘን ያለው ተራ የሸክላ ጡብ ነው። «ይሄን ሁሉ የመጣነው ለዚህ ነው?» አለችኝ እማዬ። ገብታ ቀና ስትል ነጠላዋን አስተካክላ ዝም አለች።

ግድግዳው በሞዛይክ፣ ማለትም ከትንንሽ ባለቀለም ቁርጥራጮች በተገጣጠመ ሥዕል፣ ተሸፍኗል። ወርቃማዎቹ ቁርጥራጮች በብርጭቆ መሃል ስስ ወርቅ አለባቸው። አንዳንዱ ወዲህ፣ አንዳንዱ ወዲያ ዘንበል ብሎ ስለተለጠፈ ሰው በተራመደ ቁጥር ብርሃኑ ይለዋወጣል።

በስተግራ የምሥራቅ ሮም (የቢዛንታይን) ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ከነአጃቢዎቹ ቆሟል። «ይሄማ ጻሕል ነው!» አለች እማዬ፣ በእጁ የያዘውን የወርቅ ሳህን እያሳየችኝ። ቀጥላ ጽናውን አገኘች፣ ወንጌሉን፣ በጳጳሱ እጅ ያለውን መስቀል። ፊት ለፊት ሚስቱ ንግሥት ቴዎዶራ ጽዋ ይዛለች። እኔ ከመጽሐፍ ለቃቅሜ የመጣሁትን እሷ ቅዳሴ ያስቀደሰችበት ዕድሜ አስተማራት። እንዴት እንደኮራሁባት!

ቤተ ክርስቲያኑ የተባረከው በ547 እ.ኤ.አ. ነው። ንጉሡም ንግሥቲቱም ራቬናን ረግጠዋት አያውቁም። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይሄ ዮስጢንያኖስ በ531 ገደማ ወደ አክሱም፣ ወደ አፄ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ ነበር። የሐር ንግዱን ፋርሶች ይዘውበታል፤ ከፋርስ ጋር ደግሞ ጦርነት ላይ ነው። ስለዚህ አክሱማውያን ከህንድ ሐር ገዝተው እንዲሸጡለት ጠየቀ። አልሆነም። የዘመኑ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው፣ የፋርስ ነጋዴዎች የህንድ መርከቦች የሚያርፉባቸው ወደቦች ላይ ቀድመው እየደረሱ ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙ ነበር።

ያን እያሰብኩ የቴዎዶራን ካባ አየሁት። ሐምራዊ ነው፤ ጫፉ ላይ ሰብአ ሰገል ስጦታቸውን ይዘው በወርቅ ተጠልፈዋል። አክሱም ድረስ ያስላከው እንዲህ ያለ ልብስ ነው።

ለእማዬ ነገርኳት።

«ካሌብ? ዘውዱን ኢየሩሳሌም ልኮ የመነኮሰው?»

«አዎ እማዬ፣ እሱው።»

«የሱስ መልክ የት አለ?»

በወርቅ ገንዘቡ ላይ ምስሉ እንዳለ፣ ከግራና ከቀኝ የስንዴ ዛላ እንደከበበው፣ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም እንደሚገኝ ነገርኳት።

«እንግዲያው እዚያም ውሰደኛ ልጄ» አለች።

ከዚያ ወጥተን እዚያው ግቢ ያለውን፣ በሮማዊቷ ንግሥት በጋላ ፕላሲዲያ ስም የሚጠራውን መካነ መቃብር አየን፤ ሰማያዊ ጣሪያው በከዋክብት የተሞላ ነው። የጣሊያናዊውን ባለቅኔ የዳንቴንም መቃብር አየን። እማዬ ግን ወደ መኪናው እስክንመለስ ስለ ካሌብ ነው የጠየቀችኝ። የእንግሊዝ ቪዛ ምን ምን እንደሚጠይቅ ማጣራት ጀምሬያለሁ።