«ጨዋ» የሚለውን ቃል ከሥሩ እንዴት ፈለግኩት

ጨዋ ማለት ምን ማለት ነው? መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሰው ብትጠይቁ «ሥርዓት ያለው፣ የማይሳደብ» ይላችኋል። ልክ ነው። ግን አንድ መሪጌታ በጣም ስለተማረ ሰው «እሱማ ጨዋ ነው» ሲሉ ከሰማችሁ፣ አመሰገኑት ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ዜማም ቅኔም አያውቅም ማለታቸው ነው። ዲግሪውን ቢደራርብም ያው ጨዋ ነው።

አንድ ቃል እንዴት ሙገሳም ማሳነሻም ይሆናል? ነገሩን ያስጀመረኝ ይኼ ነው።

መጀመሪያ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፤ የኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ (1948 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድን የአማርኛ (1962 ዓ.ም.)። ለጀማሪ አንድ ምክር አለኝ። ሁለቱም የሚሄዱት በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ነው፤ ይህን ሳያውቅ የገባ ሰው ገጽ ሲያገላብጥ ይመሽበታል።

ግእዙ ላይ «ፄወወ» የሚል ግስ አለ፣ ማረከ ማለት ነው። «ፄዋ» ደግሞ ምርኮ። መዝሙረ ዳዊት 67 ላይ «ፄዊወከ ፄዋ» ይላል፣ ምርኮን ማርከህ እንደማለት። ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ ከሆነ ሳትሰሙት አትቀሩም።

እዚህ ላይ «ጨዋ የመጣው ከጨው ነው፣ ጣዕም ያለው ሰው ለማለት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ያምራል። ግን ጨው በግእዝ «ጼው» ነው፣ በጸሎቱ ጸ፤ ምርኮው ፄዋ ግን በፀሐዩ ፀ ነው የሚጻፈው። ዛሬ ሁለቱን ፊደሎች ስለምናደባልቃቸው ነው ልዩነቱ የሚጠፋን። የሚገርመው ጨው አባት ባይሆንም ጥሩ ምስክር ነው፤ ጼው ጨው ከሆነ፣ ፄዋም ጨዋ ቢሆን ምን ይገርማል? «ጨዋታ»ንም አብራችሁ እንዳትጎትቱት። ተጫወተ ሥሩ ውስጥ «ተ» አለበት፣ ጨዋ የለበትም። በድምፅ መመሳሰል ብቻ ዘመድ ማድረግ ቃል ፍለጋ ላይ ትልቁ ወጥመድ ነው፤ በተለይ ታሪኩ የሚጥም ሲሆን።

ታዲያ ከምርኮ ወደ ጨዋ እንዴት ተደረሰ? መሐል ላይ ወታደር አለ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ጨዋ የሚባለው ንጉሡ በየግዛቱ የሚያሰፍሩት ጭፍራ ነበር። እያንዳንዱ ጭፍራ የራሱ ስም ነበረው፣ መሬትም ይሰጠው ነበር። አንዱ ጃን አሞራ ይባላል። አዎ፣ ዛሬም ሰሜን ጎንደር ውስጥ ጃን አሞራ የሚባል ወረዳ አለ። ለኔ ሚዛን የሚደፋው፣ መጀመሪያ ተማርከው ለንጉሡ እንዲዋጉ የተደረጉ ሰዎች ስሙን ይዘውት ቀሩ የሚለው ሐሳብ ነው። መሬትና ማዕረግ ሲከተል ስሙም አብሮ ከፍ ይላል፤ የምርኮኛ ስም የነበረው የባለመሬት ስም ይሆናል። ቤተ መንግሥት አካባቢ ስም እንዲህ ሲገለባበጥ አዲስ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን የፈታልኝ መዝገበ ቃላት ሳይሆን አንድ ቀላል ጥያቄ ነው፦ ጨዋ ያልሆነውስ ማን ይባላል? ቤተ ክህነት ብትጠይቁ ካህን ወይም ደብተራ ይሏችኋል። ስለዚህ እዚያ ጨዋ ማለት ከክህነቱና ከትምህርቱ ውጪ ያለ ሰው ነው፤ ወታደሩም ባላባቱም እዚያው ይመደባል። ባሪያ በነበረበት ዘመን ብትጠይቁ ደግሞ መልሱ ባሪያ ነው፣ ጨዋ ማለት ነፃ ሆኖ የተወለደ። «የጨዋ ልጅ» የሚለው አነጋገር ያኔ ስለ ጠባይ ሳይሆን ስለ ዘር ነበር፤ እኔ በበኩሌ ይህን ካወቅኩ ወዲህ እንደ ድሮው ቀለል አድርጌ አልጠቀምበትም። ዛሬ ብትጠይቁ ባለጌ ይሏችኋል። ተቃራኒው በተለወጠ ቁጥር ትርጉሙም አብሮ ተለውጧል።

ሌላ ቃል መፈለግ ለምትፈልጉ፣ ሽማግሌ ስትጠይቁ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» አትበሉ። መዝገበ ቃላት እንደሚያነብ ሰው ነው የሚመልሱላችሁ። «እገሌን ጨዋ ነው ሲሉ ምን ለማለት ነው? ማንንስ አይሉም?» በሏቸው። ያኔ ስም እየጠሩ፣ እየሳቁ፣ አንዳንዴም እያሙ ያስረዷችኋል።