«ለኬንያ ሸጡት እኮ!»

ደብረ ብርሃን፣ ቅዳሜ ማታ

መብራት በሄደ ቁጥር በየሰፈሩ የሚሰማው ይኸው ነው፤ መብራቱ የጠፋው ለኬንያ ስለተሸጠ ነው ለማለት። ሊጥ ምጣድ ላይ እንደ ፈሰሰ መብራት ሲጠፋ ማን ይታገሣል? ቁጭቱ እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው።

የኬንያው መስመር እኛ ጋ አይደርስም። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ናይሮቢ አቅራቢያ እስካለችው ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ የ500 ኪሎ ቮልት ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ጅረት) ነው። ዲሲ የተመረጠው በዚያ ርቀት ብክነቱ ስለሚያንስ ነው፤ በዚያ ላይ ሁለቱ አገሮች ፍሪኩዌንሲያቸውን (ጅረቱ በሴኮንድ የሚመላለስበትን ብዛት) ማመሳሰል አያስፈልጋቸውም፤ የአንዱ መናወጥ ለሌላው አይተርፍም። የጅቡቲው መስመር ግን የ230 ኪሎ ቮልት ኤሲ (የሚመላለስ ጅረት) ስለሆነ አንድ ትልቅ ተርባይን ድንገት ሥራ ካቆመ የ50 ሄርዙ ፍሪኩዌንሲ በሁለቱም በኩል ይወርዳል።

ሽያጩ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሲጀመር ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ ከዚያ 400 ነው የተባለው። ጊቤ 3 ብቻውን 1,870 ነው። በድርቅ ዓመት ግድቦች ሲጎድሉ የሽያጩ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የቅዳሜውን መጥፋት ግን አይመልስም።

የቅዳሜው መልስ ምሰሶው ላይ ነው። 200 ኬቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ) ትራንስፎርመር ከሦስቱ ፌዞቹ፣ ማለትም ኃይል ከሚያወጡት ሽቦዎች፣ በአንዱ 60 ኪሎ ዋት ገደማ ይሸከማል። ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይበላል። እንግዲህ በአንድ ፌዝ ላይ 17 ምጣድ አብሮ ከተጣደ ሞላ ማለት ነው። አዲስ ቤት በተሠራ ቁጥር ለመቀጠል በሚቀለው ፌዝ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሁለቱ ፌዞች ቀለል ብሏቸው አንዱ ይግላል። ፊውዙ ሲበጠስ ደግሞ በልኩ መተካት ሲገባው በወፍራም ሽቦ ይታሰራል። ያኔ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ራሱ ነው፤ ይህን ያህል የሚያስቆጭ ጥፋት የለም።

ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው፣ በጋውን አቧራ የጠጣው ስኒ የመጀመሪያው ጉም ሲያርፍበት ብልጭታ ያሻግራል። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የ15 ኪሎ ቮልቱን ሽቦ ከነካ አንድ ቀበሌ ሙሉ ይጨልማል። ቅርንጫፉን ከሰኔ በፊት መመልመል ዶላርም ግድብም አይጠይቅም።

ከሁሉ የሚያሰጋው የኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) መላላት ነው። የአንዱ ቤት አምፖል ደብዝዞ የጎረቤቱ ከቦገገ 220 የነበረው ቮልት ወደ 380 እየወጣ ነው። ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ፣ ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን ነቅሎ፣ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 መደወል።