የአባባ ሰዓት

ዛሬ የአያቴ የአባባ አርባ ነበር። እንግዳው ሲበተን ብቻዬን ወደ ከዚራ ሄድኩ። አሮጌው የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ስደርስ እግሬ አልራመድ አለኝ።

አያቴ ዕድሜያቸውን የገፉት ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ጥፍራቸው ሥር የገባው ግራሶ አልለቀቀም። በልጅነቴ ያንን ጣት ይዤ ነበር ከፊራ ገበያ የምሄደው። "ሐዲዱ በ1895 እዚህ ባይደርስ ድሬ የምትባል ከተማ የለችም" ይሉኝ ነበር። ልክ ናቸው።

ባቡሩ ሥራ ካቆመ በኋላ እንኳ ማታ ማታ የኪስ ሰዓታቸውን ያወጣሉ። በመሐረብ ወልወል ያደርጓታል። ከዚያ ጆሯቸው ላይ ያስጠጓታል። የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማ ወጣ ስለሚል ፉጨቱ ቤታችን አይደርስም። አንድ ቀን ወስጄ አሳይዎታለሁ ብያቸው ነበር። ሳልወስዳቸው ቀረሁ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጎረቤቶቻችን ግን አይረሱኝም። ሶማሌዋ እናታችን ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ሻይ በፔርሙዝ ሳታመጣ ያደረችበት ቀን የለም። ዛሬም ከሁሉም በፊት የመጣችው እሷ ናት። አባባን "ወንድሜ" ነበር የምትላቸው።

ሰዓቷ አሁን እኔ ጋ ናት። ማታ ሞላኋት። ትሠራለች።