ዛምቤዚ ላይ ተዘቅዝቄ

በባንጂ ዝላይ፣ ማለትም እግርን በላስቲክ ገመድ ታስሮ ከከፍታ ቁልቁል በመዝለል፣ እጅግ የፈራሁት ከወደቅኩ በኋላ ነው። ስሜቱ ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው።

ወደ ቪክቶሪያ ፏፏቴ የሄድኩት ውኃውን ለማየት ብቻ ነበር። ዛምቢያንና ዚምባብዌን የሚያገናኘው የብረት ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1905 የተመረቀ ሲሆን በሁለቱ አገሮች የድንበር ኬላዎች መካከል ይገኛል። ድልድዩን ብቻ አይቶ ለሚመለስ መንገደኛ ኬላው ላይ ማኅተም ያረፈባት ቁራጭ ወረቀት ይሰጡታል። ያቺን ወረቀት ይዤ፣ ከፏፏቴው የሚነሣው ርጭት ፊቴን እያረጠበው መሃል ድልድዩ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ወጣት እጆቿን ዘርግታ ወደ ገደሉ ስትወረወር አየሁ። አልጮኸችም። ከድልድዩ ሥር ባለው መተላለፊያ ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ሆኖ ነበር። እግሬ ወደ መመዝገቢያው ወሰደኝ። ከዚህ የበለጠ ምክንያት የለኝም። ማንንም አላማከርኩም፤ ባማክር ኖሮ የሚሉኝን አውቀዋለሁ።

የእኔ ውሳኔ የቅጽበት ነበር፤ የአዝላዮቹ ሠራተኞች ሥራ ግን ጥድፊያ አያውቅም። ስለ ልቤ፣ ስለ ደም ግፊቴ፣ ስለ ዓይኔና ስለ ጀርባዬ ጠየቁኝ። ከዚያ መዝነውኝ ቁጥሩን እጄ ላይ በቀለም ጻፉት። ገመዱ ከብዙ ቀጫጭን የላስቲክ ክሮች የተሠራ ነው፤ የሚመረጠውም በዚያ ቁጥር ነው። ለቀላል ሰው የተዘጋጀ ገመድ ከባዱን ሰው ከሚገባው በላይ ይዞት ይወርዳል።

እግሬን ያሰረልኝ ጎልማሳ ተንበርክኮ ቁርጭምጭሚቴን በፎጣ ጠቀለለ፤ በላዩ ማሰሪያውን አዞረና ሳበው። ጣቱን በፎጣውና በማሰሪያው መካከል አስገብቶ ፈተሸ። ፎጣው አንድ ቦታ ላይ ተጨማዶ ነበር። ምንም ሳይናገር ሁሉንም ፈታና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ከኋላዬ ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ፤ እርሱ ቀና ብሎም አላያቸውም። ሲጨርስ ባልደረባውን ጠራ፤ ያም ሰው ዘለበቶቹን አንድ በአንድ በእጁ እየነካ አየ። የእግሬ ማሰሪያ ቢለቅ የሚይዘኝ ሌላ መታጠቂያ ወገቤ ላይ ነበረ።

ጫፉ ላይ ስቆም ቁልቁል የተንጠለጠለው ገመድ በክብደቱ እግሬን ይስበው ጀመር። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። «ወደ ታች አትመልከቺ፤ አድማሱን ተመልከቺ» አሉኝ። ከ5 ወደ 1 ቆጠሩ። የሚገፋ ሰው የለም። ጉልበቴ እምቢ እንዳለ፣ እኔ ከወገቤ በላይ ወደ ፊት ዘመም አልኩ፤ የቀረውን የመሬት ስበት ፈጸመው።

ዝላዩ 111 ሜትር ነው። መጀመሪያ ክብደቴ ጠፋ፤ ሆዴ ወደ ላይ የቀረ መሰለኝ። ቀጥሎ ነፋሱ ጆሮዬን ሞላው፤ ከሥር ያለው የዛምቤዚ ወንዝም ሰፋ። ለመፍራት ጊዜ አልነበረኝም፤ እውነቴን ነው። ገመዱ ሲይዘኝም አልነጠቀኝም፤ ላስቲኩ እየተለጠጠ ቀስ በቀስ አቆመኝና መልሶ ወደ ላይ ወረወረኝ። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው ደሴታማ አገር በቫኑዋቱ፣ በጴንጤቆስጤ ደሴት፣ ወንዶች ከእንጨት ማማ ላይ እግራቸውን በሐረግ አስረው ይዘላሉ። ሐረግ እንደ ላስቲክ አይለጠጥም፤ ስለዚህ ከሥር ያለውን አፈር ቆፍረው ያለሰልሱታል። የዛሬው ባንጂ መነሻው የእነርሱ ዝላይ ነው። ምንም ላስቲክ በሌለበት ያንን ለሚያደርግ ሰው ያለኝ አክብሮት ከዚያ ቀን ወዲህ እጥፍ ሆኗል።

ከዚያ መወዛወዙ ረገበ። ፍርሃቱ የመጣው ያኔ ነው። ጭንቅላቴ በደም ከበደ፤ ፎጣው ከእግሬ ላይ እየተንሸራተተ መሰለኝ። የእግሬን ጣቶች ወደ ጉልበቴ አጥፌ በጥፍሬ ዓለምን የያዝኩ ያህል ጨበጥኩ። ከበላዬ የሚፈሰው ወንዝ ነው፤ ሰማዩ ከእግሬ በታች። አሁን ማሰቢያ ጊዜ ነበረኝ፤ የሚታሰበውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይላላ ይሆን? ያረጋጋኝ የራሴ ድፍረት አይደለም። ያ ሰው የተጨማደደውን ፎጣ ፈትቶ እንደገና ማሰሩ ትዝ አለኝ፤ በጣቱ መፈተሹም። ትንፋሼ ተመለሰ።

አንድ ሠራተኛ በገመድ ወርዶ አጠገቤ ደረሰ። «ደህና ነሽ?» አለኝ፤ ወገቤ ላይ መንጠቆውን አያያዘና ቀጥ አደረገኝ። ወደ ድልድዩ ሥር ተጎትተን ወጣን።

ዘላዩን ደፋር ይሉታል፤ ለእኔ ግን የሚደነቀው የመጨረሻውንም ተራ ጠባቂ እንደ መጀመሪያው አድርጎ የሚያስር ሰው ነው። ላመሰግነው ስመለስ የሌላ ወጣት እግር ላይ አጎንብሶ ነበር። ሐሳቡን እንዳልሰርቀው እስኪጨርስ ድረስ ራቅ ብዬ ጠበቅኩ። ምስጋናዬን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀና፣ ማሰሪያው አቁስሎኝ እንደሆነ ለማየት ቁርጭምጭሚቴን እንዳሳየው ጠየቀኝ።