ከጓንቱ ስር ያለፈችው ኳስ

ዓርብ፣ መስከረም 23 ቀን 2018

ትናንት ማታ የአሜሪካ ቤዝቦል ፕሌይ ኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለው የዋንጫ ጥሎ ማለፍ) የመጀመሪያ ዙር አለቀ። ልጆቹ ስለተኙ ድምፁን ቀንሼ ብቻዬን አየሁት። ካለቀ በኋላም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዛሬ ጠዋት ቡና ላይ ቀኑን ወደ ኋላ ስቆጥር ነው ነገሩ የገባኝ። ዙሩ የተጀመረው ማክሰኞ ነው፣ መስከረም 20። በ2012ም መስከረም 20 ማክሰኞ ነበር። ያን ማታ የት እንደነበርኩ ደቂቃ በደቂቃ አስታውሳለሁ። ስለዚህ ሥራ ከመግባቴ በፊት ልጻፈው።

የእኛ መስከረም 20 ቀን 2012 በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1፣ 2019 ነው። ጨዋታው የእነሱ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ዓመቱን በእነሱ እቆጥራለሁ።

ያኔ ዋሽንግተን ውስጥ ፓርኪንግ ነበር የምሠራው። ከከተማው ቤዝቦል ቡድን ከናሽናልስ ስታዲየም ትንሽ ራቅ ያለ፣ ጣሪያ የሌለው፣ ዙሪያው በሽቦ የታጠረ ቦታ ነው። የምቀመጥባት ዳስ አንድ ወንበር፣ አንድ የገንዘብ መሳቢያና አንድ ትንሽ ሬዲዮ ብቻ ነው የምትይዘው። ነፋሱ ከአናኮስቲያ ወንዝ በኩል ሲመጣ የስታዲየሙ ጩኸት እኛ ጋ ይደርሳል። ሬዲዮው ደግሞ ከሜዳው ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምሰማው ሕዝቡን ነው። ምን እንደሆነ ሬዲዮው የሚነግረኝ ቀጥሎ ነው። በእነዚያ ሰከንዶች ጩኸቱን ብቻ ሰምቼ መለየት ለምጄ ነበር። የደስታ ጩኸት ከስር ተነስቶ ያድጋል። የብስጭት ግን ከፍ ብሎ ይጀምርና ቁልቁል ይወርዳል።

ቤዝቦልን ያስተማረኝ የጎረቤቱ ሕንፃ ጥበቃ ነው። ጥቁር አሜሪካዊ፣ የዋሽንግተን ተወላጅ። እኛ ሐበሾቹ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንለው። ትርጉሙን ነግረነው ወዶታል። መጀመሪያ ሰሞን ጨዋታው አልገባኝም ነበር። ሰው ቆሞ ይውላል፣ ይተፋል፣ ኮፍያውን ያስተካክላል። ጋሼ ግን አልተወኝም። ወርዋሪው ምን ሊወረውር እንደፈለገ፣ መቺው ምን እየጠበቀ እንደሆነ በካርቶን ላይ እየሳለ ያስረዳኛል። አንድ ክረምት ሙሉ እንዲህ አለፈ። አንድ ማታ ግን ሳላስበው ለሥራ ባልደረባዬ እኔው ሳስረዳ ራሴን አገኘሁት።

ጋሼ ልጅ ሳለ ከተማው ሴናተርስ የሚባል ቡድን ነበረው። ሴፕቴምበር 30፣ 1971 የመጨረሻ ጨዋታቸውን ሲጫወቱ የአስራ አራት ዓመት ልጅ ሆኖ ስታዲየም ገብቷል። ቡድኑ ወደ ቴክሳስ ሊሄድ ነው። በዘጠነኛው ኢኒንግ፣ ማለትም በመጨረሻው የጨዋታ ክፍል፣ ኒው ዮርክ ያንኪስን 7 ለ 5 እየመሩ፣ ለማሸነፍ ከተቃራኒው መቺዎች አንድ ሰው ማስወጣት ብቻ ሲቀራቸው፣ ሕዝቡ አጥሩን ዘሎ ሜዳ ገባ። ሣሩን ነቀለ፣ ቤዞቹን (ሯጮቹ የሚረግጧቸውን ማረፊያዎች) ይዞ ሄደ። ጨዋታው ሳያልቅ ቀረ፣ በፎርፌም ለያንኪስ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ከተማው 33 ዓመት ያለ ቤዝቦል ኖረ። ናሽናልስ በ2005 ከሞንትሪያል የመጣ ቡድን ነው። መጥቶም በ2012፣ በ2014፣ በ2016፣ በ2017 ፕሌይ ኦፍ ገባና አራቱንም ጊዜ በገባበት ተሸንፎ ወጣ። የ2012ቱ የባሰ ነው። በመጨረሻው ጨዋታ ሴንት ሉዊስን 6 ለ 0 እየመሩ 9 ለ 7 ተሸነፉ። ጋሼ ይህን ሲያወራ ድምፁ እንደ ለቅሶ ቤት ወሬ ዝቅ ይላል።

በ2019 ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። ምድባቸውን ስላላሸነፉ የገቡት በዋይልድ ካርድ ነው። ለማያውቅ ሰው ልንገረው። አንድ ቡድን ከመጋቢት እስከ መስከረም 162 ጨዋታ ይጫወታል። የዚያን ዘመን ዋይልድ ካርድ ግን አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። ስድስት ወር የለፋኸው በሦስት ሰዓት ውስጥ ይወሰናል። የእግር ኳሱ ጥሎ ማለፍ እንኳ ብዙ ጊዜ የደርሶ መልስ ዕድል አለው። ይህ የለውም። ናሽናልስ ያን ዓመት እስከ ግንቦት አጋማሽ 19 ጨዋታ አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። ሰው ሁሉ ትቷቸዋል። ከዚያ ጉድጓድ ወጥተው ነው እዚያች አንድ ማታ ላይ የደረሱት።

መስቀል ካለፈ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ኦክቶበር ገብቶም ሙቀቱ አልቀነሰም፣ በሸሚዝ ነበርኩ። ፓርኪንጉ ጨዋታው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት ሞላ። ከምሽቱ 2 ሰዓት እንዳለፈ ጀመሩ። ገና በመጀመሪያው ኢኒንግ የሚልዋኪ ብሩወርሱ ያስማኒ ግራንዳል በናሽናልሱ ወርዋሪ በማክስ ሸርዘር ላይ ሆም ራን (ኳሷን ከአጥር ውጭ የሚጥል ምት) መታ። ሁለት ነጥብ። በሁለተኛው ኤሪክ ቴምስ ደገመ። 3 ለ 0። የናሽናልሱ ትሬ ተርነር አንዷን መለሰ። ከዚያ በኋላ ዝምታ። ሸርዘር ሲወጣ ስቲቨን ስትራስበርግ ገባ። ስትራስበርግ ጨዋታ ጀማሪ ወርዋሪ ነው፣ በሙያ ዘመኑ ከመሀል ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ሦስት ኢኒንግ ሠርቶ አንድ ነጥብ አልሰጠም። ናሽናልሶች መምታት ግን አልቻሉም።

በሰባተኛው ሰዎች መውጣት ጀመሩ። ይህ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። አንድ አባት ቀይ ኮፍያ ያደረገች ትንሽ ልጅ ትከሻው ላይ አስተኝቶ መጣ። ልጅቷን ከኋላ ወንበር አስሮ፣ ሞተር አስነስቶ፣ በሩ ጋ ደረሰ። ትኬቱን ተቀበልኩት። «አለቀ?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ስምንተኛው ኢኒንግ ነው። ሚልዋኪዎች ጆሽ ሄይደርን አስገብተዋል። ፀጉሩ ትከሻው የሚደርስ ግራኝ ወርዋሪ ነው፣ በዚያ ዘመን እሱን መምታት የሚችል ጥቂት ነበር። ሄይደር አንዱን አስወጣ። ሁለተኛውን መቺ የወረወራት ኳስ ገላውን መታችው፣ ስለዚህ ወደ ቤዝ ሄደ። ተርነርንም አስወጣው። ኢኒንጉን ለመዝጋት አንድ ሰው ቀራቸው። አንጋፋው ሪያን ዚመርማን ዱላው ተሰብሮ ኳሷን መሀል ሜዳ ጣላት። ሰውየው መኪናውን እዚያው በሩ ላይ አጠፋው። የኔ ሬዲዮና የእሱ ሬዲዮ አንድ ላይ ያወራሉ። ከኋላው ሌላ መኪና ቆሟል፣ ጡሩምባ የነፋ የለም።

አንተኒ ሬንዶን በአራት የተሳሳተ ኳስ ወደ ቤዝ ሄደ። ሦስቱም ቤዝ ሞላ። የሚመታው ሁዋን ሶቶ ነው። ሃያ አንድ ዓመት አልሞላውም።

መጀመሪያ የሰማሁት ሕዝቡን ነው። ጩኸቱ ከስር ተነሳ፣ አደገ። ሁለት ገብተው እኩል ሆኑ ማለት ነው ብዬ ገመትኩ። ከዚያ ግን ጩኸቱ ይቆማል ስል ሌላ ጩኸት በላዩ ላይ ተነሳ። እንዲህ ዓይነት ሰምቼ አላውቅም። የሽቦው አጥር ሲንቀጠቀጥ በእጄ ይታወቀኝ ነበር። ጋሼ ከጎረቤት ሕንፃ እየሮጠ መጣ፣ እሱም ምን እንደሆነ አያውቅም። ሦስታችን ተያየን። ከዚያ ሬዲዮው ደረሰ። ሶቶ ወደ ቀኝ ሜዳ መቷታል። በቀኝ በኩል የቆመው ልጅ ኳሷን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ከጓንቱ ስር አልፋ ከኋላው ሄደች። ሦስተኛው ሯጭም ገባ። 4 ለ 3።

ጋሼ አጥሩን ይዞ አለቀሰ። አባትየው ከመኪናው ወርዶ አቀፈን። ልጅቷ አልነቃችም።

እኔም ጮኬያለሁ። ግን ማታ ቤቴ ገብቼ ምስሉን ሳየው ያየሁት ሌላ ሰው ነው። ትሬንት ግሪሻም ይባላል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ትልቁ ሊግ ከገባ ሁለት ወር ብቻ። ቦታው የክሪስቲያን የሊች ነበር። የሊች ጉልበቱ ስለተሰበረ ነው እሱ ቀኝ በኩል የቆመው። ኳሷ ስታመልጠው ዞሮ ሮጠ። ሲሮጥ ጀርባው ብቻ ይታያል፣ ከፊቱ አርባ ሺህ ሰው ይጮሃል። ከጨዋታው በኋላ ጋዜጠኞች ሲከቡት አልሸሸም። ቆሞ መለሰ።

ለምን እሱ ላይ ዓይኔ እንደቀረ አውቃለሁ። ያው ክረምት የአንዲት ደንበኛ መኪና ወደ ኋላ ስነዳ ከመብራት ምሰሶ ጋር ቧጨርኩት። ከፊት በር እስከ ኋላ በር ድረስ። አዲስ መኪና ነው። አንድ ባልደረባዬ «ዝም በል፣ ሌላ ቦታ ነው የነካኋት ብላ ታስባለች» አለኝ። አልሆነልኝም። እስክትመጣ ሁለት ሰዓት ከመኪናው አጠገብ ቆሜ ጠበቅኳት። ስትመጣ ነገርኳት። አንድ ቃል ሳትናገር ጭረቱን በጣቷ ከዳር እስከ ዳር ተከተለችው። ያ ዝምታ ከስድብ ይከብዳል። ከደሞዜም ለብዙ ሳምንት ተቆረጠ። ቢሆንም በማግስቱ ጠዋት ሥራ ገባሁ። የሌላ ሰው ቁልፍ እጄ ላይ ተቀመጠ፣ መኪናውንም አስገባሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ እንጂ አስገባሁ። ግሪሻም ግን በማግስቱ የሚገባበት ጨዋታ አልነበረውም። አንድ ማታ ነበር፣ አለቀ። ከዚያ እስከ ቀጣዩ የውድድር ዘመን ድረስ ያቺን ኳስ ይዞ ነው የሄደው።

ናሽናልስ ከዚያ ዶጀርስን፣ ሴንት ሉዊስን፣ በመጨረሻም ሂውስተንን አሸንፎ የዓለም ዋንጫቸውን ወሰደ። ዋሽንግተን ከ1924 ወዲህ አይታው አታውቅም። ከተማው አበደ። ጋሼ በሰልፉ ቀን ሥራ አልገባም፣ ማንም አልጠየቀውም።

እኔ ግን ግሪሻምን መከተል አልተውኩም። ሚልዋኪ በቀጣዩ ወር ለሳን ዲየጎ ሰጠው። እዚያ መሀል ሜዳ አቆሙት፣ በ2020 የወርቅ ጓንት ሸለሙት። በቦታው ከሁሉ የተሻለ ለሚይዝ ተጫዋች የሚሰጥ ሽልማት ነው። ጋሼ ዜናውን ሲነግረኝ «ጓንት ነው እኮ የሰጡት፣ ጓንት!» እያለ ደጋገመው። በ2022 እንደገና አገኘ። ያን ዓመት ሲመታ ግን ከመቶ አስራ ስምንት ያህሉን ብቻ ነው ያገኘው፣ በጣም ደካማ ነው። ከዚያ የመጀመሪያው ዙር መጣ፣ ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር። በመጀመሪያው ጨዋታ ግሪሻም ሆም ራን መታ። ወርዋሪው ማክስ ሸርዘር ነው። ያው በ2019 ማታ ለዋሽንግተን የጀመረው ሸርዘር፣ አሁን የሜትስ ሆኖ። በማግስቱ ደግሞ ጄኮብ ዲግሮምን ደገመው። ሳን ዲየጎ ሜትስን አሰናበተ። ያን ማታ ለጋሼ ደወልኩ። ስልኩን ሲያነሳ «አየሁት፣ አየሁት» ነው ያለኝ፣ ሰላምታ የለም።

በ2022 ደንቡም ተቀይሯል። የመጀመሪያው ዙር አሁን ከሦስት ሁለት ያሸነፈ የሚያልፍበት ነው። ሦስቱም የተሻለ ውጤት ባለው ቡድን ሜዳ ይካሄዳል። የአንዱን ማታ ድንጋጤ የሚናፍቁ ብዙ ሰዎች አሉ። እኔም ያንን የአጥር መንቀጥቀጥ እናፍቃለሁ። ግን ፍረድ ብትሉኝ ሦስቱን እመርጣለሁ። የተሳሳተ ልጅ ነገ ጓንቱን አጥልቆ ይግባ።

የዚህ ሳምንቱ ዙር ደግሞ ልብ ይሰቅላል። ክሊቭላንድ በሐምሌ ከዲትሮይት 15 ጨዋታ ተኩል ርቆ ነበር። ተከታትሎ ደርሶ ምድቡን ወሰደበት። ታዲያ በመጀመሪያው ዙር ያው ዲትሮይት ክሊቭላንድ ድረስ ሄዶ አሰናበተው። የዲትሮይቱ ወርዋሪ ታሪክ ስኩባል ማክሰኞ 14 ሰው በስትራይክአውት (ኳሷን መምታት አቅቷቸው) አስወጣባቸው። ያንን ሁሉ ርቀት ሮጦ፣ የቀደመውን ሰው በር ላይ ማግኘት። ለክሊቭላንድ ሰዎች አዘንኩ።

ያንኪስ ማክሰኞ በቦስተን 3 ለ 1 ተሸነፉ። በአዲሱ ደንብ የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸንፎ ያለፈ ቡድን አልነበረም። ሦስት ዓመት፣ አስራ ሁለት ግጥሚያ፣ አንድም የለም። ረቡዕ 4 ለ 3 አሸነፉ። ትናንት ማታ ካም ሽሊትለር የሚባል ቦስተን አቅራቢያ ያደገ ልጅ ስምንት ኢኒንግ ወርውሮ 12 በስትራይክአውት አስወጣ፣ 4 ለ 0። የመጀመሪያዎቹ ሆነው አለፉ። ግሪሻም አሁን የያንኪስ ነው። በ2023 መጨረሻ ሳን ዲየጎ ሲሸጠው ማን አብሮት ሄደ? ሁዋን ሶቶ። ያንን ኳስ የመታውና ያመለጠው መጀመሪያ በሳን ዲየጎ፣ ከዚያም በያንኪስ በአንድ ቡድን አብረው ተጫወቱ። ሶቶ ከዚያ በ765 ሚሊዮን ዶላር ወደ ሜትስ ሄደ። ዘንድሮ ሜትስ በመጨረሻው ቀን ተሸንፎ ከውድድሩ ቀረ። ግሪሻም ግን በመደበኛው ውድድር 34 ሆም ራን መትቶ ገባ።

ጋሼ ጡረታ ወጥቷል። ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ደህና ነው። ያንኪስን ከ1971 ጀምሮ አይወድም፣ ፎርፌውን አልረሳም። ትናንት ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ደወለልኝ። ልጆቹ እንዳይነቁ ኩሽና ገብቼ አነሳሁት። «ለያንኪስ አይደለም» አለኝ። «አውቃለሁ ጋሼ፣ ለልጁ ነው» አልኩት።

ቅዳሜ ከቶሮንቶ ጋር ናቸው። ፈረቃዬን ተቀያይሬያለሁ።